የአያናን ዓሣ ምን እንደገደለው

የዓሣ ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩት ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። የተረከበኝ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ዙሪያውን አየት አደረገና «ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል» አለ። መጥፎ ሰው አይደለም። ሦስት የደረቁ ገንዳዎች፣ የማይሠራ የጀርም ማሳደጊያ ኢንኩቤተር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፤ እሱ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው። ፈረምኩ፣ ፈረመ፣ ወጣሁ። ነቀምቴ ውስጥ በዓሣ በሽታ ላይ ያሳለፍኩት ዘመን በዚሁ አለቀ።

ይህንን የምጽፈው ሰው እንዲያመሰግነኝ ብዬ አይደለም። የሚያመሰግነኝም አይኖርም። ቤት ከዋልኩ ወዲህ እየደጋገመ የሚመጣብኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን አስቀምጬው ለማለፍ ነው።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ከደንበኛ ጋር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያልኩ አደግሁ። ከላቦራቶሪ ትምህርት ስወጣ መጀመሪያ ዲጋ ወረዳ ተመደብኩ፤ ከብት ማስከተብ፣ የደም ናሙና መውሰድ። ከዚያ ኑኑ ቁምባ፤ እዚያም ከብት። ደመወዙ ያው የሚታወቀው ነው። ነቀምቴ ወዳለው ትንሹ ላቦራቶሪ ስመለስ የዓሣ ክፍል ተከፍቶ ነበር፤ ማንም መግባት ስላልፈለገ እኔን አስገቡኝ። የዚያን ጊዜው የላቦራቶሪው ኃላፊ ሽታውን ስለማይችል ወረቀት እንኳ የሚፈርምልን በር ላይ ቆሞ ነበር።

ክፍሉን የሚመሩት ኦቦ ፊጣ ነበሩ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ በሲባጎ የታሰረ ቴርሞሜትር ሁልጊዜ አለ። ኩሬ ዳር ስንደርስ ሰላምታ እንደተለዋወጡ ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ያወርዱና ልኩ እስኪረጋ ዝም ብለው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ማንም አያናግራቸውም። በናሙናው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር የውኃው ሙቀት ነው፤ የባለቤቱ ስም እንኳ ከዚያ በታች ነው የሚጻፈው።

ሌላው ልማዳቸው የሞተ ዓሣ አለመቀበል ነው። ገበሬው በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው በትሕትና ይመልሱታል። «የሞተ ዓሣ ይዋሻል፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከሞተ በኋላ የገባበትን ጀርም ሁሉ ገዳዬ ነው ብሎ ያሳይሻል። የሚያጣጥረውን አምጪልኝ።» የሚያጣጥረውን ይዘን ሆዱን እንከፍታለን። ቢላውን በእሳት አግለን ከጭንቅላቱ ሥር ካለው ኩላሊት ጥቂት ነክተን፣ የበግ ደም በተቀላቀለበት፣ አጋር በሚባል የጀርም ማብቀያ ላይ እናሰምራለን። ከዚያ መጠበቅ ነው።

የሥራውን ምሥጢር ያሳዩኝ በአንድ ሙከራ ነው። ሆዳቸው ቀልቶ፣ ቅርፊታቸው ተነስቶ ከሚሞቱ ቆሮሶ ዓሣዎች የወጣ ባክቴሪያ ነበረን። በፈሳሽ ምግብ አሳደጉት፤ ፈሳሹ ደፈረሰ። ከዚያ አንድም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉትና እንደ ውኃ የጠራውን አሳዩኝ።

«እዚህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

«እርግጠኛ ለመሆን አጋር ላይ ዝሪው።»

ዘራሁት፣ ምንም አልበቀለም። በጠራው ፈሳሽ ሁለት ጤነኛ ዓሣዎች ወጋን። በማግሥቱ ሁለቱም ሆዳቸው ቀልቶ ገንዳው ላይ ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ብዙ ዘመን ከብት ስመረምር ኖሬ በሽታ ማለት ጀርሙ ገብቶ መራባቱ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጀርሙ በሌለበት ዓሣው ሞቶ አየሁ።

ኦቦ ፊጣ ወንበር ስበው ተቀመጡና አስረዱኝ። ባክቴሪያው ፕሮቲን ይሠራል፤ ሠርቶም ወደ ውጭ ይለቀዋል። አንዱ ፕሮቲን የደም ሴል ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል፤ ውኃው ይገባበትና ሴሉ ይፈነዳል። ሌላው ሥጋውን የሚያሟሟ ነው፤ ቁስሉ የሚሰፋው በሱ ነው። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። ባክቴሪያው የዓሣውን ጠባቂ ሴል ሲያገኝ መርፌ በመሰለ ነገር ፕሮቲኑን በቀጥታ ወደ ውስጡ ይሰድዳል፤ ጠባቂው እዚያው ይሽመደመዳል፣ ሌሎቹንም መጥራት ያቅተዋል። «ይህ ሁሉ መሣሪያ ደግሞ ሁልጊዜ አይወጣም» አሉኝ። «ጥቂት ሲሆን ዝም ይላል። ሙቀቱ ካልተስማማውም ዝም ይላል። ስለዚህ ስትመረምሪው ዓሣው የኖረበትን ሙቀት ስጪው። ለከብት በምንጠቀምበት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ብታስቀምጪው አድጎ ታገኚዋለሽ፣ መርዙን ግን ላያሳይሽ ይችላል።»

ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በደብተሬም ጽፌዋለሁ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

አደ ድንቄን፣ ወይዘሮ ድንቄን ማለቴ ነው፣ ያወቅኋት በአጭሩ አያና በምንለው በጊዳ አያና ወረዳ የሴቶች ማኅበር ኩሬ ሲቆፍር ነው። ሊቀመንበሯ እሷ ነበረች፤ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ጎልማሳ፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ። ኩሬውን ሴቶቹ በእጃቸው ነው የቆፈሩት። አፈሩ ሲጠነክርባቸው ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር አቶ ሰይድ የሚባል ገበሬ በሬዎቹን ይዞ መጥቶ አረሰላቸው። የሰይድ ቤተሰብ ድሮ ከወሎ መጥቶ እዚያ የሰፈረ ነው። እሱ በአማርኛ፣ እሷ በኦሮምኛ እየተነጋገሩ ሲስቁ አይቻለሁ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አሳምሮ ይሰማል፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ ነው የሚመልሰው። ድንቄ ዓሣው ሲራባ ለሱና ለጎረቤቶቹ ጫጩት እንደምትሰጥ ቃል ገባችለት። እነሱም በማዶ ኩሬ ቆፈሩ።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ ድንቄ የሚያጣጥሩ ሦስት ዓሣዎች በባልዲ ውኃ ይዛ በሚኒባስ ነቀምቴ ድረስ መጣች። ኦቦ ፊጣ ታመው አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ዓሣዎቹን ከፈትኩ፣ አሰመርኩ፣ እንደ ልማዳችን ከናሙናው አንድ ትርፍ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። የኛ ኢንኩቤተር በዚያ ሰሞን ተበላሽቷል። የከብት ክፍሉ ኢንኩቤተር ይሠራል፤ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ነው። ፕሌቶቹን፣ አጋሩ የፈሰሰባቸውን ክብ ሳህኖች፣ እዚያ አስገባኋቸው። ለምን ብትሉኝ፣ ድንቄ ዘመድ ቤት አርፋ መልስ ትጠብቃለች፤ እኔም ቶሎ ልመልሳት ፈለግሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

በማግሥቱ ባክቴሪያው አድጓል። በዙሪያው ግን ደሙ እንዳለ ነው፤ መርዝ የሚለቅ ቢሆን ደሙ ተበልቶ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ይታይ ነበር። ቀለበት አላየሁም። በየኩሬው የሚገኝ፣ ጉዳት የሌለው ዓይነት ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ውኃው እንዲቀየር መከርኩ።

ድንቄ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ካስገባች በኋላ በር ላይ ቆመች። «ለሰይድና ለሰዎቹ ቃል የገባሁላቸው ጫጩት አለ» አለችኝ። «ልስጣቸው ወይስ ልተወው?»

«ስጫቸው» አልኳት።

ኦቦ ፊጣ ከወር በላይ ቆይተው ተመለሱ። ከስተዋል፤ ልብሱ ሰፍቷቸዋል። ተቀምጠው የቆየውን መዝገብ አገላበጡና የኔ ገጽ ላይ ቆሙ።

«በስንት ዲግሪ ነው?» አሉ።

«ሠላሳ ሰባት» አልኩ። አልተቆጡም። ፍሪጁን ከፍተው ትርፉን ብልቃጥ አወጡ፤ ከእንጨት ሣጥንና ከአምፖል መሞቂያ ሠርተው ቴርሞሜትራቸውን ከውስጥ አንጠለጠሉ። ሃያ ስምንት ላይ ሲረጋ አዲሱን ፕሌት አስገቡ። በነጋታው ፕሌቱን መስኮቱ ላይ ይዘው ጠሩኝ። በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ደሙ ጠፍቷል። በቀለበቶቹ ውስጥ የግቢውን ዛፍ ማየት ይቻል ነበር።

የዚያኑ ቀን ከአያና ስልክ ተደወለ። የድንቄ ኩሬ ጨርሶ አልቋል። በማዶ ያሉት የሰይድና የጎረቤቶቹ ኩሬዎችም አልቀዋል።

እስከዚህ ያለው የሙያ ስህተት ነው። በሙያችን ሰው ይሳሳታል፤ ያርማል። የኔ ጥፋት ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የተስተካከለውን ውጤት ጽፈን ወደ ወረዳው ላክን። ኦቦ ፊጣ ግን ወረቀት ወረዳው መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ስለሚያውቁ አልበቃቸውም። «ሄደሽ በአፍሽ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ሰብስበሽ። ተሳስቼ ነው በያቸው። ውኃው ውስጥ ምን እንደነበረ አሳዪያቸው። እኔ መንገዱን አልችለውም እንጂ አብሬሽ እሄድ ነበር።» በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ፕሌቶች አዘጋጁልኝ፤ አንዱ ቀለበት ያለው፣ አንዱ የሌለው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶ እንዲገባው።

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። የአያና ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ፕሌቶቹ ጭኔ ላይ ናቸው። መኪናው እስኪሞላ የምላቸውን በሁለቱም ቋንቋ በልቤ ስደግም፣ የሴቶቹ ፊት መጣብኝ። የቆሰለ እጃቸው መጣብኝ። «ስጫቸው» ያልኩት መጣብኝ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል «ወራጅ አለ» አልኩ።

ለኦቦ ፊጣ መንገዱ አስፈርቶኝ ነው አልኳቸው። በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም ነበር። የሚያውቁ ይመስለኛል። ፕሌቶቹን ተቀብለው ጀርም በእንፋሎት በምንገድልበት አውቶክሌቭ ውስጥ አስገቡ።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ የእውነት ተዘጋ። በዚያ አካባቢ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ እኔ አልዘረዝረውም። ከአያና ሸሽተው ነቀምቴ የገቡ ሰዎች ሲያወሩ ግን አንድ ነገር ሰማሁ። በማዶ መንደር ዓሣው ሲያልቅ፣ ድንቄ ሆን ብላ የተመረዘ ጫጩት ሰጠችን፣ ነገ ደግሞ ወንዙን ትመርዘዋለች ተባለ። በወዲህ በኩል ደግሞ ማዶዎቹ በምሽት መጥተው ኩሬያችን ውስጥ መድኃኒት ጨመሩ ተባለ። ድንቄና ሰይድ መነጋገር አቆሙ። ጦርነቱን ዓሣ አላመጣውም፤ ይህንን አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ያ መተማመን አልነበራቸውም። እሱን የወሰደው የኔ ዝምታ ነው።

እኛ በዚያ ጊዜ ክፍላችን ውስጥ አንድ የመጨረሻ ሥራ ላይ ነበርን። ኦቦ ፊጣ መርዙን ራሱን ክትባት ልናደርገው እንችላለን አሉ። ባክቴሪያውን በትክክለኛው ሙቀት አሳድገን፣ የለቀቀውን ፕሮቲን ጭምር በፎርማሊን አደንዝዘን ለጫጩቶች በመርፌ ሰጠን። ቆይተን ሕያው ባክቴሪያ ስንሰጣቸው ያልተከተቡት ሲያልቁ ከተከተቡት ብዙዎቹ ተረፉ። ኦቦ ፊጣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ሰዓት ሲያዩዋቸው ትዝ ይለኛል። «አያና ስንገባ ይህንን ይዘን ነው» አሉ።

መብራት ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ለጄኔሬተር ነዳጅ አልተገኘም። የገንዳው አየር መንፊያ ቆመና ዓሣዎቹ ሞቱ፤ በበሽታ ሳይሆን ትንፋሽ አጥተው። ፍሪዘሩ ሲቀልጥ ዘር አድርገን ያስቀመጥነው ባክቴሪያ ሁሉ ተበላሸ። ኦቦ ፊጣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሱ ስማቸውን አነበቡና ባልዲ ውስጥ ጨመሯቸው። በማግሥቱ ሥራ አልገቡም። ወደ ትውልድ መንደራቸው ሄዱ። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ነው የሞቱት፤ እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ፣ ቢሮ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድም ዓሣ ወደ ክፍላችን አልመጣም። ኩሬ ያለው ሰው አልቀረም፤ ወይም መንገድ አልነበረውም። እኔ ጠዋት እገባለሁ፣ ፊርማ እፈርማለሁ፣ ንጹሕ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። እንዲህ እያልኩ ጡረታ ደረሰ።

ባለፈው ክረምት መውጫ፣ በገበያው ጠርዝ ጎመን ዘርግታ የምትሸጥ ሴት «አስካለ ሚቲ?» አለችኝ፤ አስካለ አይደለሽም እንዴ ማለቷ ነው። ካላናገረችኝ አላውቃትም ነበር። ጥርሷ ረግፏል፣ እጇ ግን ያው የማያርፈው እጅ ነው።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አለችኝ ድንቄ። እህቴ አለችኝ። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቤታቸው ተቃጥሏል። ባለቤቷ የለም። አሁን ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች። ስለ ዓሣው አላነሳችም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ሁሉንም ነገርኳት። ኢንኩቤተሩን፣ የጠፋውን ቀለበት፣ በኋላ ያየነውን ቀለበት፣ የወረድኩበትን ሚኒባስ። ስናገር ጎመኑን እያነሳች ትደረድራለች።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ ስጨርስ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓሣው እንዳለቀ።»

እጇ ቆመ። «እኔ ኮ ባልዲዬን ነበር የምጠረጥረው» አለች። «ድሮ የተባይ መድኃኒት የያዘ ባልዲ ነበረኝ፤ ጫጩቶቹን በሱ አሻግሬ ይሆናል እያልኩ። ስንት ዓመት ባልዲውን ሳስብ ነው የኖርኩት። ሰዎቹ ገደለችን ሲሉ እውነታቸውን ይሆናል እል ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። ሰማች፤ ግን እሺም እምቢም አላለችም። ከቀሚሷ ኪስ አሮጌ ስልክ አወጣች። «የሰይድ ቁጥር አለኝ። ወዴት እንደተሰደደ አላውቅም። እኔ ብደውል አያነሳልኝም። አንቺ ደውዪና ንገሪው።»

በኔ ስልክ ደወልኩ፤ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፈትኩት። አንዲት ልጅ አነሳች። የሰይድ ስልክ ነው ወይ አልኳት፤ ዘሃራ እባላለሁ፣ ልጁ ነኝ አለች። አቶ ሰይድን ፈልጌ ነው አልኳት።

«አባባ ካረፈ ዓመት አለፈው» አለች። «ማን ልበል?»

ከላቦራቶሪ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። ያኔ ዓሣችሁን የገደለው ሰው አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው አልኳት። ጫጩቱ ይሰጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አደ ድንቄ ምንም አታውቅም አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አባባ ሲያጣጥር ስሟን ይጠራ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በሬዎቼን ይዤ ሄጄ አርሼላት፣ ምን አድርጌያት ነው ይል ነበር። ይህን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አሁን ይህንን ለኔ የምትነግሪኝ ምን ላደርገው ነው?»

ድንቄ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ልጄ ዘሃራ፣ እኔ ድንቄ ነኝ። ነፍስ ይማር» አለች።

ከወዲያ በኩል ስልኩ ተዘጋ።

ድንቄ ስልኩን መለሰችልኝና ጎመኗን ውኃ ረጨችው። ደንበኛ መጣ፤ ሸጠችለት። ልነሳ ስል ቀና ብላ ሳታየኝ «ነገም ደውዪላት» አለችኝ።

በማግሥቱ ደወልኩ። ከዚያም በኋላ። ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም ይላል። ጎመን ለመግዛት በሄድኩ ቁጥር ድንቄ አነሳችልሽ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ገና ነው እላታለሁ።